ርካሽ ወረቀት፣ ውድ ምኞት፦ ኢትዮጵያ በቆዩ የጀብዱ ልብ ወለዶች

የተማረ ሰው ስለሚያነባቸው መጻሕፍት ሲጠየቅ ብዙውን ጊዜ የሚጠራው በመደርደሪያው የፊት ረድፍ ያሉትን ነው። ከኋላ የተሸሸጉትን አያነሣም። በዚያ ያሉት የመርማሪ ታሪኮች፣ የተደበቀ ወርቅ የሚፈለግባቸው የጀብዱ መጻሕፍት፣ ጠርዛቸው ያለቀ የኮሚክ ቅጾች ናቸው። እነዚህን ሌሊት አንብቦ ቀን የሚክዳቸው ምሁር ጥቂት አይደለም። በስደት የምንኖር ኢትዮጵያውያንማ ለክህደቱ ተጨማሪ ምክንያት አለን፤ አገር በመከራ ላይ ሳለች ስለ ታርዛን መጻፍ ቅንጦት ይመስለናል። በዚህ ጽሑፍ የምንሞግተው ቅንጦት አለመሆኑን ነው። እንዲያውም ከእነዚህ ከተናቁ ድርሰቶች አንዳንዶቹ የአገራችንን ስም ይዘው የተጻፉ ስለሆኑ፣ ደስ ብሎን ልናነባቸው፣ ካነበብናቸውም በኋላ ስለ ራሳችን አንድ የማይመች ጥያቄ ልናነሣባቸው ይገባል እንላለን። (በጽሑፉ የሚጠቀሱት ዓመታት፣ በተለይ ካልተገለጸ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አስቀድመን ስለ ዕቃው ራሱ እንናገር። በእንግሊዝኛ ተናጋሪው ዓለም «ፐልፕ» የሚባለው የድርሰት ዓይነት ስሙን ያገኘው ከይዘቱ ሳይሆን ከወረቀቱ ነው። ፍራንክ መንሲ የተባለው አሜሪካዊ አሳታሚ በ1896 «አርጎሲ» የተባለውን መጽሔቱን ከተፈጨ እንጨት በሚሠራ ሻካራና ርካሽ ወረቀት ላይ ማሳተም ጀመረ፤ ገጾቹንም ለልብ ወለድ ሰጠ። ብዙዎች ፈለጉን ተከተሉ። «ብላክ ማስክ» በ1920፣ «ዊርድ ቴልስ» በ1923፣ «አሜዚንግ ስቶሪስ» በ1926 ወጡ። ደራሲው የሚከፈለው በቃላት ብዛት ስለነበረ በፍጥነት ይጽፋል፤ አንባቢው የሚቀጥለውን ቅጽ እንዲገዛ ደግሞ እያንዳንዱ ክፍል ልብ አንጠልጥሎ ማቆም ነበረበት። ጀግናው ገደል አፋፍ ላይ ቆሞ፣ በሩ ተንኳኩቶ፣ ሽጉጥ ተመዝዞ፣ «ይቀጥላል» ይባላል።

ከዚህ አሠራር የሚመነጨው ጉድለት ለሐያሲ ቀላል አደን ነው። ሰዎቹ ከአንድ ቅርጽ የወጡ ይመስላሉ፤ ሴቲቱ ወይ ልዕልት ናት ወይ መሠሪ፤ አጋጣሚ በዛ ያለ ነው። ነገር ግን ደስታውም ከዚሁ አሠራር የሚመነጭ መሆኑን መካድ አይቻልም። ድርጊት ድርጊትን ይወልዳል፤ ደራሲው አንባቢውን ለማስተማር አይቆምም፤ ሌሊቱ ሳይታወቅ ይነጋል። ይህ ጣዕም ለእኛ እንግዳ አይደለም። የጨለማን አገር አቋርጦ የሕይወትን ውኃ የሚፈልገውን ንጉሥ ታሪክ፣ «ዜና እስክንድር»ን፣ አባቶቻችን በግእዝ ገልብጠው አንብበውታል። እሳት ዳር ተረት ሰምቶ ያደገ ልጅም «ከዚያስ?» ማለትን ያወቀው «ምን ማለት ነው?» ማለትን ከመማሩ በፊት ነው። የፐልፕ ደራሲ የሚኖረው «ከዚያስ?» በሚለው ጥያቄ ነው።

ሆኖም ደስታው የሚመላለስበት መንገድ አስቀድሞ በሌሎች ተጠርጎ ነበር። መንገዱን ከጠረጉት ዋነኛው እንግሊዛዊው ሄንሪ ራይደር ሃጋርድ ነው። በ1885 ባወጣው «የንጉሥ ሰሎሞን የማዕድን ጉድጓዶች» በተባለው መጽሐፍ ሦስት እንግሊዛውያን አሮጌ ካርታ ይዘው ወደ አፍሪካ እምብርት ይዘልቃሉ፤ በንግሥተ ሳባ ጡቶች ስም የተጠሩ ሁለት ተራሮችን ያልፋሉ፤ በሰሎሞን መንገድ ተጉዘው አልማዝ ይዘው ይመለሳሉ። በእኛ ዘንድ የሳባና የሰሎሞን ታሪክ የመንግሥትና የቃል ኪዳን ጉዳይ ነው፤ በክብረ ነገሥት ከኢየሩሳሌም የመጣው ሀብት ታቦት እንጂ ዕንቁ አይደለም። ሃጋርድ ያንኑ ስም ወስዶ የጉድጓድ ምልክት አደረገው። ሁለት ዓመት ቆይቶ በ1887 ባሳተመው «አለን ኳተርሜን» ደግሞ በአፍሪካ መካከል ነጮች የሚኖሩበት የተሰወረ መንግሥት ፈጠረ። ካርታ፣ የተደበቀ ሀብት፣ የተሰወረች ከተማ፣ ከውጭ የሚመጣ ጀግና፦ የጀብዱ ልብ ወለድ አራቱ ምሰሶዎች በዚህ ተተከሉ።

አሜሪካዊው ኤድጋር ራይስ በሮስ በእነዚሁ ምሰሶዎች ላይ ብዙ ቤት ሠራ። አፍሪካን ረግጦ የማያውቀው ይህ ሰው ታርዛንን በ1912 «ኦል ስቶሪ» በተባለ የፐልፕ መጽሔት ለዓለም አስተዋወቀ። ለእኛ ልዩ ትኩረት የሚሻው ግን በ1932 በ«አርጎሲ» በተከታታይ የወጣው «ታርዛንና የወርቅ ከተማ» ነው። መጽሐፉ የሚከፈተው በኢትዮጵያ ክረምት ነው። ደራሲው ትግሬን፣ ጎጃምን፣ ሸዋን፣ ከፋን በስም እየጠራ የዝናሙን አወራረድ ይገልጻል፤ «ሽፍታ» የሚለውን ቃላችንንም እንዳለ ወስዶ በእንግሊዝኛው ውስጥ ይተክለዋል። ለአንድ አፍታ አገራችንን ያየን ይመስለናል። ታርዛን ቫልቶር የተባለ ነጭ ሰው ከሽፍቶቹ እጅ ያስጥላል፤ ከዚያ በኋላ ታሪኩ ኔሞን የተባለች ንግሥት በአንበሶች መካከል ወደምትገዛበት ስውር ሸለቆ ይገባል። የሸለቆው ነዋሪዎችም ነጮች ናቸው። የአገሩ ሰው ደጃፍ ላይ ቆሞ ቀረ፤ በቤቱ ውስጥ ሌላ ሰው ተቀመጠበት።

ይህን ስንል መጽሐፉ አያስደስትም ማለታችን አይደለም። ያስደስታል። ከአንበሶቹ ጋር የሚደረገውን ትግል እያነበበ ገጽ የማይገልጥ ሰው ካለ ልጅነቱን የረሳ ነው። ክፋቱም ያለው እዚህ ላይ ነው፤ የሚያስደስተን ታሪክ እኛን ከቤታችን ያስወጣ ታሪክ ነውና። አንዳንድ ሐያስያን ከዚህ ተነሥተው ዘውጉን በሙሉ የቅኝ ግዛት መሣሪያ ነው ብለው ይዘጉታል። ፍርዳቸው ስለ ሃጋርድና ስለ በሮስ ብዙ እውነት አለው። ግን አራቱን ምሰሶዎች ሌላ ሰው አንሥቶ ሌላ ቤት ሊሠራባቸው እንደሚችል አላሰቡም። ይህን ያደረገ ሰው ነበር፤ ያደረገውም በአገራችን ስም ነው።

ጆርጅ ስካይለር በ1895 የተወለደ ጥቁር አሜሪካዊ ጋዜጠኛ ነበር። በ1931 ባሳተመው «ብላክ ኖ ሞር» በተባለው ልብ ወለዱ በዘር ጉዳይ የሚነግዱትን፣ ጥቁሩንም ነጩንም፣ ያለ ርኅራኄ አሾፈባቸው። የማርከስ ጋርቬይን «ወደ አፍሪካ እንመለስ» እንቅስቃሴም ሲሳለቅበት የኖረ ነው። ይህ ፌዘኛ ሰው በ1930ዎቹ «ፒትስበርግ ኩሪየር» በተባለው የጥቁር አሜሪካውያን ሳምንታዊ ጋዜጣ ላይ በብዕር ስሞች ተከታታይ የጀብዱ ታሪኮችን ይጽፍ ነበር። ፋሺስት ጣሊያን ኢትዮጵያን በወረረችበት በጥቅምት 1935 «የኢትዮጵያው የግድያ ምስጢር» የተባለው ታሪኩ መውጣት ጀመረ። አገሪቱ በጠላት እጅ ሳለች ደግሞ ከ1938 እስከ 1939 «አመፅ በኢትዮጵያ» የተባለውን አወጣ። ሁለቱም ታሪኮች ለግማሽ ምዕት ዓመት ያህል በአሮጌ ጋዜጣ ውስጥ ተቀብረው ከቆዩ በኋላ፣ የታሪክ ምሁሩ ሮበርት ሂል ሰብስቦ በ1994 በአንድ መጽሐፍ አሳትሟቸዋል።

የመጀመሪያው ታሪክ በኒው ዮርክ በሃርለም ይካሄዳል። ኃይለ ደስቱ የሚባል ኢትዮጵያዊ ልዑል ተገድሎ ይገኛል፤ ጥቁር መርማሪ ነገሩን ይከታተላል፤ ከግድያው በስተ ጀርባ ኢትዮጵያን ከወራሪ ሊያድናት የሚችል የመሣሪያ ምስጢርና የጣሊያን ሰላዮች አሉ። በሁለተኛው ዲክ ዌላንድ የተባለ ሀብታም ጥቁር አሜሪካዊ ኤታራ ከምትባል ኢትዮጵያዊት ልዕልት ጋር ይገናኛል፤ በተራራ የተሰወረ ሀብት ወጥቶ ለአመፁ መሣሪያ መግዣ እንዲሆን ከእርስዋ ጋር ይሰለፋል። የስሞቹን አወጣጥ ያየ ኢትዮጵያዊ አንባቢ ፈገግ ማለቱ አይቀርም። ነገር ግን አራቱ ምሰሶዎች እንዴት እንደተገለበጡ እናስተውል። የተደበቀ ሀብት አለ፤ ግን ከአገር የሚወጣ ዝርፊያ ሳይሆን ለአገር ነጻነት የሚውል ስንቅ ነው። ከውጭ የሚመጣ ጀግና አለ፤ ግን ጥቁር ነው፤ የመጣውም ሊገዛ ሳይሆን ሊረዳ ነው። ደጃፍ ላይ ቀርተው የነበሩት ሰዎች ወደ ቤቱ ገብተዋል።

ይህ መገለባበጥ ለምን በዚያን ጊዜ እንደመጣ ለመረዳት የአንባቢውን ሁኔታ ማየት ያስፈልጋል። ወረራው ጥቁር አሜሪካውያንን ከዳር እስከ ዳር አነሣሥቶ ነበር። ብዙዎች ለመዝመት ፈቃደኛነታቸውን ገለጹ፤ ነገር ግን የአሜሪካ ሕግ ዜጎች በባዕድ ጦር እንዳይመዘገቡ ስለሚከለክል መንገዱ ተዘጋባቸው። «ኩሪየር» ጆኤል ሮጀርስ የተባለውን ጸሐፊ ለጦር ዜና ወደ ኢትዮጵያ ላከ፤ አንባቢዎቹም ዜናውን በየሳምንቱ ይጠብቁ ነበር። በአንድ ገጽ የሽንፈት ዜና፣ በሌላው ገጽ የስካይለር ታሪክ ይወጣል። ሕግ የከለከለውን ዘመቻ ልብ ወለዱ ፈቀደ። «የማያውቁት አገር አይናፍቅም» የሚለው ብሂላችን እዚህ ላይ አልሠራም። እነዚህ ሰዎች አይተዋት የማያውቋትን፣ በመዝሙረ ዳዊትና በቤተ ክርስቲያኖቻቸው ስም ብቻ የሰሟትን አገር ናፈቁ።

ስካይለር ራሱ ግን ይህን ሥራውን ይንቀው ነበር። ሳሙኤል ብሩክስ በሚል የብዕር ስም የጻፈውና ዶክተር ቤልሲደስ የተባለ መሪ አፍሪካን ከቅኝ ገዢዎች ሲያስለቅቅ የሚያሳየው «ብላክ ኤምፓየር» በሚወጣበት ዘመን፣ በ1937 ለአንድ የሥራ ባልደረባው በጻፈው ደብዳቤ፣ ታሪኩ ለገንዘብ የተሠራ ተራ ሥራ መሆኑን፣ የማይመስል ነገር ሁሉ ሆን ብሎ እንደጨመረበት፣ የአንባቢው መውደድም ስለ ሰው ልጅ ያለውን ዝቅተኛ ግምት እንዳረጋገጠለት ገልጿል። ሐያስያን ይህን ደብዳቤ ካዩ በኋላ ሥራውን እንደ ቀልድ ለመቁጠር ይፈተናሉ። እኛ በዚህ አንስማማም። «ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል» ይባላል። ለፐልፕ ደራሲ ብቅሉ ጥድፊያው ነው። በአርእስተ አንቀጽ ላይ ጠንቃቃና ተጠራጣሪ የነበረው ብዕር፣ ስሙን ደብቆ በፍጥነት ሲጽፍ ሙሉ የነጻነት ሕልም አወጣ። ሕልሙን የናቀው ደራሲው ነው፤ የተቀበሉት አንባቢዎች ግን ሞኞች አልነበሩም። በየሳምንቱ ሳንቲማቸውን ከፍለው የገዙት ሌላ ቦታ የማያገኙትን ነገር ነው፤ ይኸውም የራሳቸው ወገን የሚያሸንፍበት ታሪክ።

ይሁን እንጂ የስካይለር ግልበጣ ሙሉ አይደለም። ሦስቱ ምሰሶዎች ሲገለበጡ አራተኛው እንደቆመ ቀርቷል፤ አዳኙ አሁንም ከውጭ የሚመጣ ነው። ገንዘብ ያለው፣ ዓለምን የዞረ፣ ቆራጥ ወንድ በመርከብ ይደርሳል፤ አገሪቱ በልዕልት መልክ ትጠብቀዋለች። እውነተኛው ታሪክ ግን ሌላ ነበር። ባለ መርከቡ ጀግና ሳይደርስ በሸዋ ራስ አበበ አረጋይ፣ በጎጃም በላይ ዘለቀ፣ በውስጥ አርበኝነት ሸዋረገድ ገድሌ፣ ስማቸውም ያልተመዘገበ ገበሬዎች አምስት ዓመት ተዋግተዋል። ልብ ወለዱ እነርሱን መሸከም አልቻለም፤ ምክንያቱም የአምስት ዓመት ረኃብና ትዕግሥት ለሳምንታዊ ልብ አንጠልጣይ ክፍል አይመችም።

እውነተኛው ሃርለምም ከልብ ወለዱ ሃርለም የራቀ ነበር፤ ግን ያነሰ አልነበረም። በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና የተማሩት ዶክተር መላኩ በያን በ1936 ወደ ኒው ዮርክ ተመልሰው ለአገራቸው ሲሟገቱ፣ በ1937 የኢትዮጵያ ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽንን ሲያቋቁሙ፣ «የኢትዮጵያ ድምፅ» የተባለውን ጋዜጣ ሲያወጡ ቆይተው ነጻነትን ሳያዩ በ1940 አረፉ። የስካይለር ልዑል ተገድሎ ምስጢር ይሆናል፤ እኒህ ኢትዮጵያዊ ግን በስብሰባ፣ በመዋጮና በጋዜጣ እርማት ደከሙ። ከውጭ የመጣ ጀግናም በእርግጥ ነበር፤ የቺካጎው አብራሪ ጆን ሮቢንሰን በ1935 ኢትዮጵያ ገብቶ በወረራው ጊዜ በረረ፤ ከነጻነት በኋላም ተመልሶ መጥቶ አብራሪዎችን አሠለጠነ፤ በ1954 በአዲስ አበባ አረፈ። የሮቢንሰን ታላቅነት ያለው ግን ከመምጣቱ ይልቅ ተመልሶ መጥቶ በማስተማሩ ላይ ይመስለናል።

ሦስተኛውን መንገድ የምናየው በኮሚክ ነው። ጣሊያናዊው ሁጎ ፕራት በ1937 በአሥር ዓመቱ ወደ ኢትዮጵያ የመጣው በወራሪው ወገን ነበር፤ አባቱ የቅኝ ግዛቱ ፖሊስ ባልደረባ ነበሩ። ጣሊያን ስትሸነፍ አባቱ ተማርከው ሞቱ፤ ልጁና እናቱ በድሬዳዋ ካምፕ ተይዘው ቆይተው ወደ አገራቸው ተመለሱ። ፕራት ካደገ በኋላ ያንን ምድር ደጋግሞ ሣለው፤ ከ1969 ጀምሮ «የበረሃ ጊንጦች» በተባለው ተከታታይ፣ በ1972 እና በ1973 ደግሞ ኮርቶ ማልቴዝ የተባለው መርከበኛ በአፍሪካ ቀንድ በሚዘዋወርባቸው ታሪኮች። ኮርቶ የሃጋርድ ጀግኖች የልጅ ልጅ ነው፤ ግን ካርታ አያምንም፤ ሀብት ቢያገኝም አይጠቅመውም። ከጎኑ ያለው ኩሽ የተባለው የበረሃ ተዋጊ አገልጋይ አይደለም፤ የራሱ እምነት፣ የራሱ ጦርነት፣ በነጩ ላይም የራሱ ፌዝ አለው። ሥዕሉ ራሱ ይህን ይናገራል፤ ሁለቱ ሰዎች በአንድ ቁመት፣ በአንድ ጥቁር ቀለም ተሥለው ባዶው አሸዋ ላይ ይቆማሉ። የወራሪው ልጅ የአባቱን ጀብዱ ሳያወግዝና ሳያወድስ በዝምታ አፈረሰው። ፕራትም ናፍቆት አለበት፤ ናፍቆቱ ውብ ስለሆነ ያ ምድር በማን ደም እንደተያዘ አንባቢውን ሊያስረሳው ይችላል። ስለዚህ ሥዕሎቹን እየወደድን ይህን ማስታወስ የእኛ ፈንታ ነው።

ለመሆኑ የእኛው ድርሰት ከዚህ ሁሉ የት አለ? ብዙዎቻችን የምንዘነጋው አንድ ነገር አለ። የአማርኛ ልብ ወለድ ራሱ የተወለደው በጀብዱ ታሪክ ነው። ነጋድራስ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ያሳተሙት «ልብ ወለድ ታሪክ» ለዘውጉ ስሙን የሰጠ መጽሐፍ ነው፤ የታተመውም በባዕድ አገር ነው። ደራሲው ኋላ በወረራው ዘመን ከጣሊያን ጋር መተባበራቸው የታወቀ ነው፤ መጽሐፉን ግን በራሱ ሚዛን እንመዝነው። ጦርነት አለ፣ ምርኮ አለ፣ ባሪያ ፈንጋይ አለ፣ ወንድ መስላ የምትጓዝ ጦቢያ የምትባል ልጅ አለች፣ በእርስዋ ምክንያት የሚታወክ ንጉሥ አለ። የ«አርጎሲ» አዘጋጅ ቢያገኘው በደስታ በተከታታይ ያወጣው ነበር። ነገር ግን የታሪኩን መነሻ እንመልከት። የተማረከውን አባት አንድ ደግ ነጋዴ ገንዘብ ከፍሎ ያስለቅቀዋል፤ ልጁ ዋሕድ ያንን ነጋዴ ፈልጎ ውለታውን ሊመልስ ይወጣል፤ እርሱ በባሪያ ፈንጋዮች ሲያዝ አባትና እኅት ሊፈልጉት ይነሣሉ። ካርታ የለም፤ የተሰወረ ወርቅ የለም። መንገዱን ያስጀመረው ዕዳ ነው። ወርቅም ቢነሣ ሰው የሚቤዥበት ነው። አዳኙም በመርከብ የመጣ ባለጠጋ ሳይሆን በእግሩ የሚሄድ የቤት ሰው ነው።

እንግዲህ በመግቢያችን ያነሣነው የማይመች ጥያቄ ይህ ነው። በስደት የምንኖር ሰዎች ስለ አገራችን ስናስብ የምንኖረው በየትኛው ታሪክ ውስጥ ነው? የፖለቲካ መግለጫዎቻችንን፣ የስብሰባ ንግግሮቻችንን፣ የማታ ጭውውታችንን ልብ ብሎ የሰማ ሰው የ«አመፅ በኢትዮጵያ»ን ዕቅድ ያገኝባቸዋል። አገሪቱ ታስራ የምትጠብቅ ልዕልት ናት፤ ሀብቷ በተራራ ውስጥ ተሰውሯል፤ እኛ ገንዘብና ዕውቀት ይዘን በአንድ ቀን እንደርሳለን፤ በመጨረሻው ክፍል ሁሉም ይፈታል። ስካይለር ይህን የጻፈው አገሪቱን ለማያውቁ፣ እንዳይሄዱም ለተከለከሉ ሰዎች ነው፤ ለእነርሱ መጽናኛም ክብርም ሆኗቸዋል። እኛ ግን እናውቃታለን። እዚያ የቀሩት ሰዎች ደጃፍ ላይ የቆሙ ሽፍቶች ወይም የምትጠበቅ ልዕልት እንዳልሆኑ፣ በየዕለቱ የራሳቸውን ረጅም ታሪክ የሚኖሩ መሆናቸውን እናውቃለን። ከስካይለር ይልቅ የሚቀርበን የዋሕድ ጉዞ መሆን ነበረበት፤ ዕዳ አለብን፤ ያስተማረን ገበሬ፣ ያስመለጠን ጎረቤት፣ በእኛ ፈንታ የታሰረ ወዳጅ አለ።

ይህን ስንል ግን ርካሹን መጽሐፍ ጥለን ወደ ፊት ረድፍ እንመለስ ማለታችን አይደለም። ይህን ጥያቄ ያነሣልን የተከበረው ጥናት ሳይሆን የተናቀው ታሪክ ነው። ትልልቆቹ ድርሰቶች ምኞትን አጣርተውና አስጊጠው ስለሚያቀርቡት ምንጩን ለማየት ያስቸግራሉ፤ ፐልፑና ኮሚኩ ግን እርቃኑን ያሳዩታል። ስለዚህ የስካይለር ታሪኮች በአማርኛ ቢነበቡ፣ የፕራት ሥዕሎች በአገራችን ታሪክ ትምህርት ላይ ቢታዩ፣ «ልብ ወለድ ታሪክ»ም እንደ ቅርስ ብቻ ሳይሆን እንደሚያስደስት የጀብዱ መጽሐፍ ለልጆቻችን ቢነገር ጥቅሙ ብዙ ነው። በባዕድ አገር የተወለዱት ልጆቻችን የሚያነቡት ኮሚክ ነው። አማርኛውን ባይጨርሱትም «ከዚያስ?» ማለትን ያውቃሉ፤ ልንመልስላቸው የሚገባው ታሪክ የትኛው እንደሆነ መምረጥ የእኛ ሥራ ነው።